ስም የተጻፈበት ክታብ፣ ስም የተላጠበት ብልቃጥ፦ የጤና ታሪክ በእንጦጦ መንገድ

በሽሮ ሜዳ አድርጋችሁ ወደ እንጦጦ ለመውጣት ካሰባችሁ፣ ታክሲ ከመያዛችሁ በፊት ስድስት ኪሎ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ጎራ በሉና የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን ሙዚየም እዩ። ተቋሙ በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን ቤቱ ቀድሞ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። ብዙ ጎብኚ የሚቸኩለው የንጉሡን መኝታ ቤትና መታጠቢያ ክፍል ለማየት ነው። እኔን የሳበኝ ግን የአደራደሩ ነገር ነው። የባህል ዕቃዎቹ የተቀመጡት በሰው ዕድሜ ቅደም ተከተል ነው፦ ልጅነት፣ ጉልምስና፣ ሞት። እንዲህ ሲደረደር ጤና ለብቻው የተከለለ ጥግ አይሆንም፤ በየክፍሉ ብቅ ይላል።

ተቋሙ ከሰበሰባቸው ዕቃዎች መካከል የብራና ክታቦች አሉ። የእነዚህ ዓይነት ጥቅልሎች በለንደኑ የዌልካም ስብስብም ይገኛሉ። በሙያዬ መሐንዲስ ስለሆንኩ አንድ ዕቃ ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው «ከምን ተሠራ? ለማን ልክ?» ብዬ ነው። ክታብ ለዚህ ጥያቄ ቁልጭ ያለ መልስ አለው። ከበግ ወይም ከፍየል ቆዳ የተዘጋጁ ጠባብ ብራናዎች ጫፍና ጫፋቸው ተሰፍቶ ይቀጣጠላሉ፤ ርዝመቱ በልማድ የባለቤቱን ቁመት እንዲያክል ይደረጋል። ከራስ እስከ እግር ይጠብቃል ተብሎ ነዋ! ደብተራው ጸሎቱን በጥቁር ቀለም ይጽፍና የቅዱሳንን ስምና የባለቤቱን የክርስትና ስም በቀይ ያስገባል። ክታቡ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ የፊተኛው ስም ተፍቆ አዲሱ ይጻፍበታል። በሌላ አነጋገር ያለ ስም አይሠራም።

ከክታቦች ብዙዎቹ የተጻፉት ለሴቶች ነው። ምክንያቱን ለማወቅ ጸሎቶቹ የሚጠሯቸውን ሕመሞች ማየት ይበቃል፦ የደም መፍሰስ፣ ጽንስ መጨንገፍ፣ የሕፃን ሞት። በጣም የታወቀው ጸሎተ ሱስንዮስ ነው። ቅዱሱ በፈረስ ተቀምጦ ሕፃናትን የምትገድለውን ወርዘልያን በጦር ሲወጋት ይሣላል። ከሚጠሩት መካከል ሾተላይም አለ።

ይህን ስም እስቲ ያዙልኝ። ዛሬ አንዲት ነፍሰ ጡር ለክትትል ጤና ጣቢያ ስትሄድ «ሾተላይ እንዳይሆን የደም ዓይነትሽን እንይ» ልትባል ትችላለች። እዚህ ላይ ሾተላይ ማለት የአርኤች አለመጣጣም ነው። እናት አርኤች ኔጌቲቭ፣ ጽንሱ ደግሞ ፖዘቲቭ ከሆነ፣ በተለይ በወሊድ ጊዜ ጥቂት የልጁ ደም ወደ እናት ይገባል። የእናት ሰውነት ይህን እንደ ባዕድ ቆጥሮ አንቲቦዲ የሚባለውን ተከላካይ ፕሮቲን ያመርታል። የመጀመሪያው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል፤ የተሠራው አንቲቦዲ ግን እየጠበቀ ይቆይና ቀጣዩን ጽንስ ያጠቃል። ካርል ላንድስታይነርና አሌክሳንደር ዊነር የአርኤችን ግኝት ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1940 ነው። የመከላከያው መርፌ፣ አንታይ ዲ፣ ሥራ ላይ የዋለው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1968 ነው፤ ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል። የእናት ሰውነት ገና ሳይነቃ የልጁን የደም ሕዋሳት ይጠርጋቸዋል።

የጥንቱ ሾተላይ በሙሉ አርኤች ነበር ማለቴ አይደለም። ወባም፣ ቂጥኝም፣ ሌላም ሌላም ጽንስ ይገድላል። ግን «የዚች ሴት ልጆች በተከታታይ ይሞቱባታል» የሚለውን ነገር ሰዎች አስተውለው ስም ሰጥተውታል። ለአርኤች አዲስ ቃል ከመፍጠር ይልቅ እናቶች የሚያውቁትንና የሚፈሩትን ስም መያዝ፣ በእኔ ግምት፣ ከብዙ ፖስተር የበለጠ ሥራ ሠርቷል።

አሁን ወደ ላይ እንውጣ። ስለ እቴጌ ጣይቱ፣ ስለ እንጦጦ ብርድና ስለ ፍልውሃ ሁላችሁም ስለምታውቁ አልደግመውም። መንገዱ ላይ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ማረፊያ የነበረው ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል አለ፤ በ2001 ዓ.ም. መድኃኒት የተላመደ ቲቢን ማከም የተጀመረው እዚያ ነው። ከፍ ስትሉ ደግሞ የኪዳነ ምሕረት ጸበል ነው።

የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን እንጦጦ ላይ ብዙ ሕሙማን ጸበሉ አጠገብ ቤት ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ክርክሩ ከባድ ነበር፤ ክኒን መዋጥ እምነት ማጣት ነው ብለው መድኃኒቱን የተዉ ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። ይህ ቃል የሰው ሕይወት ማትረፉን አልጠራጠርም።

ተራራው ላይ የእንጦጦ ማርያም ሙዚየም አለ። የአፄ ምኒልክንና የእቴጌ ጣይቱን አልባሳትና ንዋያት ያሳያል፤ ጥሩ ነው፣ እዩት። እኔ ግን የዚያ የ1990ዎቹ ዕቃ ነው የሚያሳስበኝ፦ ጸበል የተቀዳበት የዘይት ጀሪካን፣ የቀጠሮ ካርድ፣ የክኒን ብልቃጥ። ብራና ከያዙት ብዙ መቶ ዓመት ይቆያል። ፕላስቲኩም ቢሆን ቶሎ አይበሰብስም፤ የሚጠፋው ስለምንጥለው ነው።

ብልቃጡን ልብ ብላችሁ ብታዩት ደግሞ የክታቡ ግልባጭ ነው። ብዙ ሰው መድኃኒቱን ተቀብሎ ከወጣ በኋላ ጎረቤት እንዳያየው ወረቀቱን ይልጠው ነበር፤ እንዳይንኳኳ ጥጥ የሚጠቀጥቅበትም ነበር። ክታቡ እንዲሠራ ስም ይጻፍበታል፤ ብልቃጡ አብሮ እንዲኖር ስም ይላጥለታል።

ከባለቤቶቹ ብዙዎቹ ዛሬም በሕይወት ያሉ፣ ልጅ ያሳደጉ ናቸው። ስለዚህ ሰብሳቢ የሚሆን ሰው መጀመሪያ እነሱን መጠየቅ አለበት፤ «ባለቤት» በሚለው መስመር ላይ ምን እንደሚጻፍ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ከተፈቀደ ግን አንድ የምለምነው ነገር አለ። ዕቃ ወደ ሙዚየም ሲገባ ማጽዳት የተለመደ ነው። ብልቃጡ ላይ የቀረውን ሙጫ እንዳትነኩት።