ፍቅር ከመድኃኒት ጎን
የጅማ ሆስፒታል ጥናትና ታሪካዊ መነሻው

«ጎመን በጤና» የሚለው የአበው ብሂል ጤናን ከምግብ ያስበልጣል፤ ጤና ራሱ በምን እንደሚጸና ግን አይነግረንም። የሕክምና ሳይንስም የፍቅርን ድርሻ በመለኪያ መመርመር የጀመረው በቅርብ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 ሬኔ ስፒትዝ፣ ምግብና ንጽሕና ሳይጓደልባቸው የእናት እቅፍ ያጡ የማሳደጊያ ሕፃናት በአካልም በአእምሮም እንደሚጎዱ ጻፈ። በ1951 ጆን ቦውልቢ ለዓለም ጤና ድርጅት ባቀረበው ጥናት ይህንኑ ሐሳብ አስፋፋው። በ2003 ድርጅቱ በምግብ እጥረት ክፉኛ ለተጎዱ ሕፃናት ሕክምና ባወጣው መመሪያ፣ ከአሥሩ ደረጃዎች ዘጠነኛው የስሜት ሕዋሳትን ማነቃቃትና ፍቅራዊ እንክብካቤ ሆነ።

መመሪያ መጻፍ አንድ ነገር ነው፤ በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ መፈጸሙ ግን ሌላ ነው። በ1983 የተቋቋመው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት፣ በ1999 ከእርሻ ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ከአጋሮ፣ ከሊሙ ገነትና ከሌሎችም የቡና ከተሞች የሚመጡ ሕመምተኞችን በሚቀበለው ሆስፒታሉም ይኸው ጉዳይ ተፈተነ። ዕድሜያቸው ከስድስት ዓመት በታች የሆኑ 339 የተጎዱ ሕፃናት በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ሁሉም የተለመደውን ሕክምናና ምግብ አገኙ፤ 169ኙ ግን በተጨማሪ በሆስፒታል፣ ኋላም ለስድስት ወር በየቤታቸው፣ ከአሳዳጊዎቻቸው ጋር በጨዋታ እንዲነቃቁ ተደረገ።

በ2019 በታተመው ውጤት መሠረት፣ የተጫወቱት ሕፃናት በሆስፒታል ሳሉ በመቀመጥ፣ በመቆምና በመራመድ፣ በቤት ክትትሉም ወቅት በእጅና በጣት ቅልጥፍና ከሌሎቹ በልጠው ተገኙ። በቋንቋና በማኅበራዊ ጠባይ ግን ጎላ ያለ ልዩነት አልታየም።

ይህ ሁለተኛው ግኝት ከመጀመሪያው ያላነሰ ዋጋ አለው። ፍቅር ወተትንና መድኃኒትን አይተካም፤ ሁሉንም ጉዳት በስድስት ወር ይሽራል ማለትም አይቻልም። ነገር ግን ሥራው በመለኪያ ሊታይ እንደሚችል ጅማ አሳይታለች። ፍቅር ደግሞ ጊዜ ይጠይቃል፤ በቡና ለቀማ ወራት ከሥራዋ ተነጥላ አልጋ አጠገብ የምትቆይ እናት የምትከፍለው ዋጋ ቀላል አይደለም። ስለዚህ እናቲቱን እንደ ጠያቂ ሳይሆን እንደ ሕክምናው ተካፋይ መቁጠር፣ ለጨዋታም ቦታና ሰዓት መመደብ የሙያችን ግዴታ ነው።