ከኖራ ድንጋዩ በታች

ሴዳር ሪቨርሳይድ የከረመ ወገናችን እ.ኤ.አ. በ2007 ወድቆ 13 ሰዎች የሞቱበትን የ35 ደብልዩ ድልድይ አይረሳም። ከዚያ ትንሽ ሽቅብ፣ ሴንት አንቶኒ ፏፏቴ ላይ፣ ሚኒያፖሊስን ገና በጨቅላነቷ ሊያጠፋት ስለነበረው ሌላ መደርመስ ግን የሚያወራ ብዙም የለም።

የአካባቢው መሬት ላዩ ጠንካራ የኖራ ድንጋይ፣ ሥሩ በጣት የሚፈረፈር የአሸዋ ድንጋይ ነው። ዊልያም ኢስትማንና ሸሪኮቹ ከውሃ ኃይል ኩባንያው ጋር ሲካሰሱ ቆይተው በ1867 ታረቁ፤ በ1868 ከፏፏቴው ግርጌ ወደ ኒኮሌት ደሴት በዚያ ልል ድንጋይ ውስጥ የውሃ ማስወጫ ዋሻ ያስቆፍሩ ጀመር። ኦክቶበር 5 ቀን 1869 ወንዙ ሰርስሮ ገባ። ሕዝቡ ዛፍና ግንድ ቢወረውርም ጉድጓዱ ሁሉንም ዋጠው። የኖራ ድንጋዩ ጣሪያ ተሰባብሮ ቢያልቅ ፏፏቴው ይጠፋ፣ በእሱ የሚዞሩት ወፍጮዎችም ይቆሙ ነበር። የጦር ሠራዊቱ መሐንዲሶች ከ1874 እስከ 1876 ከድንጋዩ ሥር 12 ሜትር ያህል የሚወርድ የኮንክሪት ግድግዳ ሠርተው አተረፉት።

ዛሬ ቢሆን የጂኦፊዚክስ ቅኝት ይቀድማል። አንባቢ እንዳይሳሳት፤ መሣሪያው ባዶነትን አያይም፣ ልዩነትን ይለካል እንጂ። ወደ መሬት የተለቀቀውን ኤሌክትሪክ ውሃ ወይም ሸክላ የሞላው ጉድጓድ በቀላሉ ያሳልፈዋል፤ አየር የሞላው ይከለክለዋል። ደረቅ የኖራ ድንጋይም ይከለክላልና ሁለቱን መለየት ያስቸግራል። ያኔ የስበት መለኪያ ይጨመራል፤ ባዶ ቦታ ላይ ስበት በጥቂቱ ይቀንሳል። ራዳር ፈጣን ነው፤ ሸክላ አፈር ሲያጋጥመው ግን ይታወራል። እኔ እንደ መሐንዲስ፣ በመሰርሰሪያ ያልተረጋገጠ ሥዕል አላምንም።

የሶፍ ዑመር ዋሻና የመቀሌ ዙሪያ የኖራ ድንጋይ እንደሚመሰክሩት፣ ነገሩ ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። ትልቁን ዋጋ ያስከፈለን ግን የኖራ ድንጋይ የሌለበት ጊቤ 2 ነው። የ26 ኪሎ ሜትሩን ዋሻ ይቆፍር የነበረውን ማሽን በ2006 ከፍተኛ ግፊት ያለው ጭቃ ገፍቶ አስቆመው። በጃንዋሪ 2010 በተመረቀ በሁለት ሳምንት ውስጥ ደግሞ ዋሻው በከፊል ተደረመሰ።

ያን ጊዜ በየድረ ገጹ የተከራከርነው ውሉ ያለ ጨረታ ስለመሰጠቱ ነበር። ተገቢ ክርክር ነው። ነገር ግን በጨረታ የተመረጠ ተቋራጭም ተራራውን ሳያውቅ ከገባ ያው ጭቃ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ግድብም ሆነ የባቡር መስመር ሲጀመር፣ ስንት ጉድጓድ እንደተሰረሰረና ቅኝቱ ምን እንዳሳየ የሚገልጸው ሰነድ ከውሉ ጋር አብሮ ለሕዝብ ይውጣ፤ በውጭም በውስጥም ያለን ባለሙያዎች ቁፋሮው ሳይጀመር እናንብበው።