የትራክተር ኦይል ሲል

ኦይል ሲል በሚሽከረከር ዘንግ ዙሪያ ዘይት እንዳይወጣና አቧራ እንዳይገባ የሚከለክል፣ ከብረትና ከጎማ የተሠራ ቀለበት ነው። በትራክተር ላይ በሞተሩ ክራንክ ሻፍት ጫፎች፣ በካምቢዮና በኋላ አክስል ይገኛል። ቀደምቱ ከቆዳ ይሠራ ነበር፤ ከ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ሰው ሠራሽ ጎማ ቦታውን ያዘ። የጎማው ከንፈር በቀጭን ሞላ እየታገዘ ዘንጉን ይይዛል።

በባቱ ዙሪያ፣ በዝዋይ ሐይቅ ዳር በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም በሚለማበት ሜዳ፣ አፈሩ በአብዛኛው ከእሳተ ገሞራ ዐመድ የመጣ ነው። ደቃቅና ሻካራው አቧራ ከንፈሩን ብቻ ሳይሆን ዘንጉንም ይበላል።

የሚያፈስ ሲል ይቀየራል እንጂ አይጠገንም። ከመፍታት በፊት የአየር መተንፈሻው አለመዘጋቱና የዘይቱ መጠን አለመብዛቱ ይታያል፤ ውስጣዊ ግፊት ደህናውንም ሲል ያስፈሳልና። የላላ ኩሽኔታም አዲሱን ቶሎ ያበላሻል። መተኪያው የሚመረጠው በላዩ በተጻፈው ልክ (ለምሳሌ 45×62×8 ሚሊ ሜትር) ነው። ሞላው ወደ ዘይቱ ይዞራል፤ ከንፈሩ ዘይት ይቀባል፤ ሲሉም ሳያዘነብል ይገባል። ዘንጉ ጎድጉዶ ከሆነ ቀጭን የብረት እጅጌ ይለብሳል፣ አለዚያም ከንፈሩ ባልተበላ ቦታ እንዲያርፍ ይደረጋል። ከሁሉ አድካሚው የክራንክ ሻፍቱ የኋላ ሲል ነው፤ በአብዛኞቹ ትራክተሮች ሞተሩን ከካምቢዮው ለይቶ ፍሪሲዮንና ቮላኖ ማውረድን ይጠይቃል።