ኤቲኤስ 6፦ ከስምጥ ሸለቆው ሰማይ ላይ ለህንድ ገበሬዎች ያሰራጨችው ሳተላይት

ኤቲኤስ 6 የአሜሪካው የህዋ ምርምር ተቋም ናሳ ግንቦት 22 ቀን 1966 ዓ.ም. ከፍሎሪዳ ያመጠቃት የሙከራ የመገናኛ ሳተላይት ናት። በምድር ወገብ አናት በ35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ የምትጓዝ ሳተላይት አንድ ዙር የምትጨርሰው ምድር በዛቢያዋ አንድ ጊዜ በምትሽከረከርበት ጊዜ ውስጥ በመሆኑ፣ ከታች ሲታሰብ አንድ ቦታ ላይ ቆማ የቀረች ያህል ነው። ዲሽ አንዴ ተስተካክሎ ከታሰረ በኋላ ሳይነካ ለዓመታት የሚያገለግለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከእርሷ በፊት የነበሩት ሳተላይቶች የሚልኩት ሞገድ እጅግ ደካማ ስለነበር፣ ለመቀበል የሕንፃ ያህል ግዙፍ አንቴና ያለው የምድር ጣቢያ ያስፈልግ ነበር። እንዲህ ያለው ጣቢያ ደግሞ ከዋና ከተሞች አልፎ ገጠር አይደርስም። ኤቲኤስ 6 ነገሩን ገለበጠችው፤ ትልቁን አንቴና ራሷ ይዛ ወጣች። እንደ ጃንጥላ ተጣጥፎ የተጓዘው አንቴና ህዋ ላይ ሲዘረጋ ከዳር እስከ ዳር 9 ሜትር ሆነ። ስለዚህም መንደር ውስጥ ከሽቦ ወንፊት የተሠራ የ3 ሜትር አንቴና በቂ ሆነ።

በ1967 ዓ.ም. ሳተላይቷ ወደ ምሥራቅ 35 ዲግሪ ኬንትሮስ ተዛወረች፤ ይህም ከምሥራቅ አፍሪካ በላይ ነው። ላንጋኖ ሐይቅ 38.7 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚገኝ፣ ሳተላይቷ ለዓመት ያህል ከሐይቁ አናት ወደ ደቡብ ጥቂት ዘንበል ብላ ቆማለች። በዓይን ግን አትታይም፤ ሥርጭቷም ያነጣጠረው ህንድ ላይ ነበር።

ከሐምሌ 25 ቀን 1967 እስከ ሐምሌ 24 ቀን 1968 ዓ.ም. ድረስ በስድስት የህንድ ግዛቶች በሚገኙ 2,400 ያህል መንደሮች፣ አብዛኞቹም ቴሌቪዥን አይተው የማያውቁ፣ በአራት ቋንቋዎች ትምህርት ተላለፈ። ጠዋት ለተማሪዎች፣ ማታ ለአዋቂዎች ስለ እርሻ፣ ስለ ጤናና ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ይቀርብ ነበር። መንደርተኛው በአንድ የጋራ ቴሌቪዥን ዙሪያ ተሰብስቦ ያይ ነበር።

ዓመቱ ሲያልቅ ናሳ ሳተላይቷን ወደ አሜሪካ በኩል መለሳት። የስምምነቱ ቃል ያው ነበር፤ ለብዙዎቹ መንደሮች ግን የለመዱት ሥርጭት በአንድ ቀን ተቋረጠ። ህንድ የራሷን አገልግሎት በኢንሳት 1ቢ ሳተላይት ያረጋገጠችው ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። ኤቲኤስ 6 ራሷ አቅጣጫዋን የምታስተካክልባቸው ሞተሮች እየደከሙ ሄደው በ1971 ዓ.ም. ከአገልግሎት ወጣች።

ዛሬ ኢትዮሳት በሚል ስም የሚታወቀው የሀገር ውስጥ ጣቢያዎች ሥርጭት የሚመጣው በምሥራቅ 57 ዲግሪ ከቆመችው ኤንኤስኤስ 12 ነው። ቀድሞ ለናይልሳት ወደ ምዕራብ ዝቅ ብለው የተተከሉ ዲሾች ወደ ምሥራቅ የዞሩት ለዚህ ነው። በላንጋኖና በዝዋይ አካባቢ ዲሹ ከምሥራቅ ጥቂት ወደ ደቡብ ያዘነብላል፤ ከፍታውም 67 ዲግሪ ያህል ስለሆነ ግራር ወይም ጣሪያ እምብዛም አይጋርደውም። ዶፍ ዝናብ ግን ይጋርደዋል፤ የዛሬው አጭር ሞገድ ኤቲኤስ 6 ለመንደሮቹ ትልክበት ከነበረው ረጅም ሞገድ ይልቅ በውኃ ጠብታ ይዳከማልና።