የጥርባ አውድማ ነፋስ ከየት ይነሳል?

ስሙኝማ ወገኖቼ! ወሩ ጥር፣ አገሩ አዊ፣ ቦታው ጥርባ ነው። ጤፉ ተወቅቶ በሬዎቹ ከአውድማው ወጥተዋል። ጠዋት ቅጠል አይነቃነቅም፤ ገበሬውም ይጠብቃል። ፀሐይ ከአናት ዘወር ስትል ነፋሱ ይነሳል፣ ላይዳውም አብሮ ይነሳል። ምርቱ ወደ ላይ ሲበተን ፍሬው እግር ሥር ያርፋል፣ ገለባው ወደ ምዕራብ ይነጉዳል። ነፋሱ ቀጥ ካለ ሥራውም ቀጥ ይላል።

ይህን ነፋስ የመንደር ነፋስ ነው እንዳትሉኝ! በበጋ በሰሐራና በአረቢያ በረሃ ላይ ከባድ አየር ይረጋል፤ ከዚያ ወደ ምድር ወገብ ይወርዳል። ምድር ስለምትዞር መንገዱ ወደ ቀኝ ይታጠፍና ከሰሜን ምሥራቅ ይደርሰናል። መርከበኞች የንግድ ነፋስ የሚሉት ይኸው ነው፤ ጆርጅ ሃድሊ የተባለ እንግሊዛዊ የሕግ ሰው እ.ኤ.አ. በ1735 ምክንያቱን ከምድር መዞር ጋር አያይዞ ጽፏል። ጠዋት ጠፍቶ ከሰዓት የሚመጣውስ? ቀን መሬቱ ሲግል የሞቀው አየር ይወጣል፣ ከላይ ሲገሰግስ ያረፈደው ነፋስ ደግሞ ወደ አውድማው ይወርዳል። በርግጥ ተራራና ሸለቆ አቅጣጫውን እንደየቦታው ያጣምሙታል።

ሰኔ ሲገባ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የሰሜኑና የደቡቡ ነፋስ የሚገናኙበት ቀበቶ እኛን አልፎ ወደ ሰሜን ይወጣል። ከጊኒ ባሕረ ሰላጤና ከኮንጎ ደን በኩል እርጥብ ነፋስ ከደቡብ ምዕራብ ይመጣል፤ የጎጃምን ደጋ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ዝናቡን ያራግፋል። አዊ በምዕራብ በኩል ስለሆነች ክረምቱ ቀድሞ ይገባባታል፣ ዘግይቶም ይለቃታል።

አሁን ልብ በሉልኝ፤ እኔን እጅግ የሚደንቀኝ ይህ ነው። ጥርባ በጭቃ ስትላቁጥ ኦጋዴን ደረቅ ነው፤ ሶማሌዎቹ ወቅቱን ሐጋ ይሉታል። ነፋስ አጥተው እንዳይመስላችሁ፤ በዚያ ወቅት በሶማሊያ ጠረፍ የሚነፍሰው በዓለም ከታወቁት ኃይለኛ ነፋሶች አንዱ ነው። ነገር ግን ወደ የብስ ከመግባት ይልቅ ጠረፉን ታክኮ ያልፋል፣ ከባሕሩ ጥልቅም ቀዝቃዛ ውኃ ያወጣል። ስለዚህ ዝናብ የሚያገኙት ሚያዝያ ገደማ «ጉ» በሚሉት ወቅት፣ ጥቅምት ገደማ ደግሞ «ዴር» በሚሉት ነው። ያው ነፋስ ግን መርከብ ወደ ህንድ ይነዳ ነበር! የአዱሊስን ወደብ የሚገልጸው ፔሪፕለስ የተባለው የ1ኛው ክፍለ ዘመን መጽሐፍ፣ ወደ ህንድ የሚጓዙ መርከቦች በሐምሌ ገደማ ከግብፅ ይነሱ እንደነበር ይናገራል። ሲመለሱ የበጋውን የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ይጠብቁ ነበር።

ዛሬ የበጋውን ነፋስ የሚጠብቅ ሌላም አለ፦ የአዳማ የነፋስ ኃይል ማመንጫ። በ2007 ዓ.ም. ግንቦት የተመረቀው «አዳማ ሁለት» የተባለው ጣቢያ 102 ተርባይኖች አሉት፤ አቅሙም 153 ሜጋ ዋት ነው። በበጋ ወንዞቻችን ሲመነምኑ እዚያ ነፋሱ ይበረታል፤ ተርባይኖቹ በዞሩ ቁጥር ግድቦቻችን ያን ያህል ውኃ ለነገ ያቆያሉ።