ቤት ሲካፈሉት
የትዳር መፍረስና የመኖሪያ ቤት ሽያጭ በሕግና በግንባታ ታሪክ

ባልና ሚስት ሲለያዩ ከሚካፈሏቸው ነገሮች ሁሉ አስቸጋሪው ቤት ነው። ገንዘብ ይቆጠራል፤ እህል ይሰፈራል፤ ከብት በግምት ለሁለት ይመደባል። ቤት ግን አንድ መሠረት፣ አንድ ጣሪያ፣ አንድ በርና አንድ የፍሳሽ መስመር ያለው ነገር ስለሆነ ለሁለት ቢሰነጠቅ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቤት አይሆንም፤ ቤትነቱን ያጣል እንጂ። ከዚህም የተነሳ የሚቀሩት መፍትሔዎች ሁለት ብቻ ናቸው። ይኸውም ቤቱን ለአንደኛው ሰጥቶ ሌላውን በገንዘብ ማካካስ፣ በዚህ ካልተስማሙም ሸጦ ዋጋውን ማካፈል ነው። ይሁን እንጂ «የቤቱ ዋጋ» የሚባለው ነገር በየዘመኑ ትርጉሙ ተለዋውጧል። ትርጉሙ በተለዋወጠ ቁጥርም ከቤቱ የሚወጣው ሰው ይዞት የሚሄደው ድርሻ ተለዋውጧል። ስለሆነም የዚህ ታሪክ ጉዳይ የዳኞችና የጠበቆች ብቻ ሳይሆን፣ ቤትን ለክቶ የሚገምተው የመሐንዲስም ጉዳይ ነው።

በመካከለኛውና በሰሜናዊው የኢትዮጵያ ደጋማ አገር በርስት ሥርዓት ዘመን የቤት ክርክር እንደ ኋላው ዘመን የከበደ አልነበረም። ርስት ከአባትም ከእናትም ወገን በትውልድ የሚወረድ መብት ስለነበረ፣ ባልም ሚስትም ከየወገናቸው የያዙትን እንደያዙ ይለያዩ ነበር። በሰማንያ የተጋቡ ሰዎች እኩል የሚካፈሉት በትዳራቸው ዘመን አብረው ያፈሩትን ከብት፣ እህልና የቤት ዕቃ ነው። ቤቱ ከእንጨት፣ ከጭቃና ከሣር የተሠራ በመሆኑ ክብደቱ ያለው ከሥሩ ባለው መሬት እንጂ በግድግዳው አልነበረም። የርስቱ ባለቤት በቦታው ይቀራል፤ ሌላው ወገን ድርሻውን ይዞ ወደ ዘመዶቹ ይመለሳል። ሙሽራዪቱ ወደ ባልዋ አገር የምትሄድ በመሆኑም የምትመለሰው ብዙውን ጊዜ ሴቲቱ ነበረች።

ይህን ሁኔታ የለወጠው የከተማ ኑሮ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት የወጣው የከተማ ቦታ ደንብ ለቦታ ግዥና ሽያጭ መንገድ ከፈተ። ባሕር ዛፍ በከተማይቱ ዙሪያ መስፋፋቱና የቆርቆሮ ክዳን መለመዱ ደግሞ ብዙ ዓመት የሚቆይ ቤት በርካሽ ለመሥራት አስቻለ። ከየአውራጃው ወደ ከተማ የገቡ ባልና ሚስት የርስት አገራቸውን ትተው፣ በደመወዝና በንግድ ባገኙት ገንዘብ ቦታ ገዝተው ቤት ሠሩ። በመሆኑም ቤት ከዘር የሚወረድ መሆኑ ቀርቶ በጋራ ድካም የሚፈራ ንብረት ሆነ። የጋራ ድካም ፍሬ ከሆነ ዘንድም ሲለያዩ ማን ይውሰደው? የሚለው ጥያቄ መነሳቱ የማይቀር ነበር።

ለዚህ ጥያቄ የመጀመሪያውን ዝርዝር ዘመናዊ መልስ የሰጠው በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው ይህ ሕግ ንብረት ሁሉ የጋራ እንደሆነ ይገመታል፤ የግሌ ነው የሚል ወገን ያስረዳ የሚል መሠረት ጣለ። የማይንቀሳቀስ የጋራ ንብረት ለመሸጥም የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት እንዲያስፈልግ አደረገ። በሌላ በኩል ግን ባልን የቤተሰቡ አለቃ ብሎ ሰየመ፤ የጋራውን ንብረት የማስተዳደር ሥልጣንም በመሠረቱ ለእርሱ ሰጠ። የፍቺ ጉዳይ የሚቀርበው ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ሲሆን፣ ትዳሩ እንዲፈርስ ምክንያት የሆነው ጥፋተኛ ወገን በክፍያው ድርሻው ሊቀነስበት ይችል ነበር። በዚያ ዘመን የሚሸጠው ቦታውም ቤቱም ነው። ስለዚህ አንድ አሮጌ የጭቃ ቤት በጥሩ ሰፈር ላይ ከሆነ ለሁለቱም ኑሮ መጀመሪያ የሚበቃ ገንዘብ ሊያወጣ ይችል ነበር።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ይህን ስሌት ከሥሩ ገለበጠው። ቦታ የመንግሥት ሆነ፤ ቦታ መሸጥ ተከለከለ። ለአንድ ቤተሰብ የተፈቀደው አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ሲሆን፣ ለመኖሪያ የሚሰጠው ቦታም ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ለባልና ለሚስት ይህ ምን ማለት እንደነበረ በሁለት መንገድ ማየት ይቻላል። በመጀመሪያ፣ ሁለት ቤት የነበራቸው አንድ አንድ ወስደው የሚለያዩበት መንገድ ተዘጋ። በሁለተኛ ደረጃ፣ በሕግ ፊት የሚሸጠው ቆርቆሮው፣ እንጨቱና ድንጋዩ ብቻ ሆነ። በትዳር ዘመን ሁሉ የተከፈለበት ቦታ ከሒሳቡ ወጣ። ቤት ማከራየት ለመንግሥት ብቻ የተተወ በመሆኑ ደግሞ ድርሻውን በገንዘብ የተቀበለው ወገን ያንን ገንዘብ ይዞ በሕጋዊ መንገድ ከግለሰብ የሚከራየው ቤት አልነበረም። የቀበሌ ቤት ወረፋ መጠበቅ፣ ከዘመድ ቤት በደባልነት መግባት፣ ወይም በፈረሰው ትዳር ጣሪያ ሥር በመጋረጃና በኮምፔርሳቶ ተከልሎ መኖር ግድ ይሆንበት ነበር። ቤቱን ይዞ የቀረው ወገን በአንጻሩ የግንቡን ግማሽ ዋጋ ከፍሎ፣ ዋጋ የሌለው የተባለውን ቦታ በሙሉ ይዞ ቀረ። ገበያው ግን ቦታው ዋጋ እንዳለው አልረሳም። ገዢዎች በቤት ስም ለሰፈሩና ለመንገዱ ጭምር ይከፍሉ እንደነበር የታወቀ ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ እንዲቀጥል ሲያደርግ፣ ወንዶችና ሴቶች በጋብቻ አፈጻጸም፣ በጋብቻ ዘመንና በፍቺ ጊዜ እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ይህን መሠረት አድርጎ የባልን አለቅነት አስቀረ፤ ፍቺን የመወሰን ሥልጣንም ለፍርድ ቤት ሰጠ። ንብረት በአንደኛው ስም ቢመዘገብም የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ እንደሆነ በግልጽ አሰፈረ። ዕዳ አስቀድሞ ይከፈላል፤ የቀረው በመሠረቱ እኩል ይከፈላል። በዓይነት ሊከፈል የማይችለውን ንብረት ማን እንደሚወስደው ካልተስማሙ ይሸጣል፤ በአሻሻጡም ካልተስማሙ በሐራጅ ይሸጣል። ክርክሩ እስኪያልቅ ከቤቱ ማን ይውጣ? የሚለውን ሲወስንም ፍርድ ቤቱ የልጆችን ጥቅም እንዲመለከት ታዝዟል። ይህ ሕግ በፌዴራል መንግሥት ሥር ባሉ ከተሞች የሚሠራ ሲሆን፣ በርካታ ክልሎችም የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል።

ሕጉ ግልጽ ከሆነ ችግሩ የቱ ላይ ነው? ችግሩ ከፍርዱ በኋላ፣ በቁጥሩ ላይ ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ሰው ከጋብቻው በፊት ባገኘው ቦታ ላይ መሠረት አውጥቶና ግድግዳውን አቁሞ ትዳር ያዘ እንበል። ጣሪያው፣ ልስኑ፣ የኤሌክትሪክና የውሃ መስመሩ፣ የግቢው አጥርና የኋላው ሰርቪስ ቤት የተሠሩት ከሰርጉ በኋላ ነው። ከጋብቻ በፊት የነበረው የግል፣ በጋብቻ ዘመን የተጨመረው የጋራ ነው ማለት በወረቀት ላይ ቀላል ነው። ሕንፃው ግን የተሠራበትን ቀን በላዩ ጽፎ አያቆምም። የግንባታ ፈቃዱን ቀን፣ የዕቃ መግዣ ደረሰኙን፣ የሥራ ተቋራጩን የክፍያ ሰነድ፣ የብሎኬቱንና የብረቱን ዓይነት አገናዝቦ የትኛው ሥራ በየትኛው ዘመን እንደተሠራ ሊለይ የሚችለው ባለሙያ ብቻ ነው። ባለሙያው ይህን ሳይለይ ጠቅላላ የወለል ስፋቱን በካሬ ሜትር ዋጋ አባዝቶ፣ የእርጅና ቅናሽ አድርጎ አንድ ቁጥር ብቻ ቢያቀርብ፣ ዳኛው ከዚያ ቁጥር ውስጥ የሁለት ሰው ዕድሜ ለይቶ ማውጣት አይችልም። ለሠራተኛ ምሳ ስታበስል፣ ሲሚንቶ ስትጠብቅና ከደመወዟ ምስማር ስትገዛ የኖረች ሚስት ደረሰኝ ላይኖራት ይችላል፤ የድካሟ ምስክር ያ ልስንና ያ ጣሪያ ነው።

ሌላው ችግር የግምት ዓይነት መለያየት ነው። ለግብር የተገመተ ቤት፣ ለባንክ ዋስትና የተገመተ ቤትና ለክፍያ የተገመተ ቤት አንድ ቤት ሆኖ ሳለ ዋጋው ሦስት ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ዝቅ ይላል፤ ሁለተኛው ጥንቃቄ ያበዛል፤ ሦስተኛው ግን ገበያውን መምሰል ይገባዋል። በሊዝ አዋጆች፣ ማለትም በ80/1986፣ በ272/1994ና በ721/2004፣ የቦታ መጠቀሚያ መብት ራሱ በገንዘብ የሚተመን ከሆነ ወዲህ የግንባታ ወጪን ብቻ አስልቶ «የቤቱ ዋጋ ይህ ነው» ማለት የ1967ቱን ስሌት ያለ አዋጅ መመለስ ነው። ግምቱ ካነሰ በቤቱ የሚቀረው ወገን ይጠቀማል፤ ከበዛ ደግሞ ድርሻ የሚከፍለው ሰው አቅም አጥቶ ቤቱ ወደ ሐራጅ ይሄዳል። በሐራጅም ግምቱ መነሻ ዋጋ ስለሚሆን፣ ስሕተቱ ከመዝገቡ ወጥቶ ገበያ ድረስ ይከተላል።

የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች፣ ማለትም ኮንዶሚኒየም የሚባሉት፣ በአዋጅ ቁጥር 370/1995 ሕጋዊ መልክ ከያዙ ወዲህ ጥያቄው አዲስ ገጽታ ይዟል። እንዲህ ያለው ቤት ግድግዳው፣ ደረጃውና የፍሳሽ ቧንቧው ከጎረቤት ጋር የጋራ በመሆኑ በዓይነት መክፈል የማይታሰብ ነው። በዕጣ የተገኘ ከሆነም የባንክ ዕዳው አብሮት ይጓዛል። ዕዳው ካልተቀነሰ፣ በትዳር ዘመን የተከፈለውም ካልታወቀ፣ ክፍያው ፍትሐዊ ሊሆን አይችልም።

ከመቶ ዓመት በላይ በዘለቀው በዚህ ታሪክ የተለወጠው ብዙ ነው። ርስት ቀርቷል፤ የባል አለቅነት ከሕግ ተሰርዟል፤ የሽማግሌዎችን ወንበር ፍርድ ቤት ወስዶታል። ያልተለወጠው የቤቱ አለመከፈል ነው። ሕግ እኩል ይካፈሉ ብሎ ሲያዝ «እኩል» የሚለውን ቃል ወደ ቁጥር የሚለውጠው የገማቹ ሰነድ ነው። ስለሆነም መሐንዲሱ በቦታው ተገኝቶ ሁለቱንም ወገኖች መስማት፣ የግንባታውን ዘመን ለይቶ መጻፍ፣ የግንባታውን ዋጋና የቦታውን ጥቅም ለየብቻ ማስቀመጥ፣ የስሌቱንም መንገድ ተራ ሰው ሊረዳው በሚችል ቋንቋ መግለጽ ይገባዋል። ከዚያ ግቢ ልጅ ይዛ የምትወጣ እናት ወይም ሻንጣውን አንጠልጥሎ የሚወጣ አባት ዳግመኛ ጣሪያ የሚያገኙት በዚያ ሰነድ መጨረሻ ላይ በሰፈረው ቁጥር መጠን ነው።