ከግሸን በኋላ ያሉት ቀናት

ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ጉለሌ በሚገኘው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል አንዲት አረጋዊት እናት በኮቪድ ምክንያት አረፉ። አበበች ጎበና ናቸው። በዚያ ሆስፒታል በር የምታልፉ ወጣቶች ስማቸውን ሳትሰሙ አትቀሩም፤ ሥራቸው ግን ብዙውን ጊዜ የሚተረክልን የአንድ ቀን ታሪክ ሆኖ ነው።

ያ ቀን እንዲህ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወይዘሮ አበበች ለንግሥ ወደ ግሸን ማርያም ተጓዙ። ወሎ ያኔ በረሃብ ተመትታ ነበር። በመንገዱ ላይ ከወደቁት ሰዎች መካከል ከሞተች እናቷ ያልተለየች ሕፃን አዩ። የያዙትን ዳቦና ጠበል ለተራቡት አካፈሉ፤ ሁለት ወላጅ አልባ ሕፃናትንም ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ።

እዚህ ላይ ተራኪው ብዙ ጊዜ ያቆማል። እኛም አማኞች ይህ ልማድ አለብን። የሙሴ እናት ልጇን ሦስት ወር እንደ ሸሸገችው በዘጸአት እናነባለን፤ የምንሰብከው ግን የደንገሉን ሣጥንና ወንዙን ነው። ሕፃን ድምፁ ወደ ውጭ እንዳይሰማ ዘጠና ሌሊት መጠበቅ ምን ያህል እንደሚያደክም ያሳደገ ሰው ያውቀዋል።

ወይዘሮ አበበች በልጅነታቸው ብዙ የተመቻቸው ሰው አልነበሩም። በ1928 ዓ.ም. ሲወለዱ አገሪቱ ጦርነት ላይ ነበረች፤ አባታቸው በዚያው ጦርነት ሞቱ፤ አያቶቻቸው አሳደጓቸው። በ10 ዓመታቸው ሳይጠየቁ ተዳሩ፤ ጠፍተው አዲስ አበባ ገቡ። ኋላም በአንድ የቡናና የእህል ድርጅት ተቀጥረው፣ ትዳር ይዘው ይኖሩ ነበር።

ከግሸን በተመለሱ በአንድ ዓመት ውስጥ ልጆቹ 21 ደረሱ። ባለቤታቸው ወይ እኔን ወይ ልጆቹን ምረጪ አሉ። (በእኚህ ሰው ለመፍረድ ባንቸኩል ደስ ይለኛል። በአንድ ጎጆ ውስጥ 21 ሕፃን ምን ማለት እንደሆነ እስቲ አስቡት።) እርሳቸው ልጆቹን መረጡ፤ ከቤታቸውም ወጡ።

እንግዲህ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ሃያ አንድ ልጅ በቀን ሦስት ጊዜ ቢበላ 63 ሳሕን ነው፤ በዓመት 22,995። ለዚህ ገንዘብ ያገኙ የነበረው እንጀራና ምግብ ሠርተው በመሸጥ ነው። እናቶቻችሁን ብትጠይቁ ይነግሯችኋል፤ የእንጀራ ሊጥ ሁለት ሦስት ቀን ይቦካል። ስለዚህ ዛሬ አሞኛል ብላ ሊጥ ያላቦካች ሴት ከነገ ወዲያ የምትጋግረውም የምትሸጠውም የላትም። ልጆቹ ደግሞ ከነገ ወዲያም ይርባቸዋል። ከዚያ ውጪ ልብስ ማጠብ አለ፤ ሌሊት የሚያለቅስ አለ፤ ትኩሳት የያዘው አለ፤ ወላጁ ሲሞት አይቶ የማይናገር ልጅም ይኖራል። እንዲህ ያለው ሥራ ለምስክርነት ሰዓት አይመችም፤ ትናንት የሆነው ዛሬም ስለሚደገም የሚተረክ አዲስ ነገር የለውም። እኔ ግን የእርሳቸውን እምነት ከግሸኑ ቀን ይልቅ እዚያ ምጣድ ዳር አየዋለሁ።

ሥራው በ1978 ዓ.ም. በስማቸው የሚጠራ ሕጋዊ ድርጅት ሆነ፤ ከልጆች ማሳደግ አልፎም ወደ ትምህርትና ወደ ልማት ሰፋ። ያን ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ልጆች ትምህርት ቤት ገብተው ነበር። ወይዘሮ አበበችን እስከ እርጅናቸው ድረስ የሚጠሯቸው «እማዬ» እያሉ ነው።